የእንግሊዞች ቅመም የት ገባ?

ቅመም ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ዓለምን የገዙ ሰዎች የገዛ ድስታቸውን ግን ያለ ቅመም ይጥዳሉ። በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ሳይደክም የሚመላለሰው ቀልድ ይህ ነው። አጃቢው ፎቶግራፍም ብዙ አይለወጥም፦ በተጠበሰ ዳቦ ላይ የተደፋ የቆርቆሮ ቦሎቄ፣ የነጣ ቅቅል ድንች፣ ቀለሙን የለቀቀ ካሮት። ቀልዱ የወጣቶች ብቻ አይደለም። በ2005 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ከሩሲያና ከጀርመን መሪዎች ጋር ሲጫወቱ፣ ምግቡ ይህን ያህል መጥፎ የሆነን ሕዝብ ማመን እንደማይቻል መናገራቸው በጋዜጣ ወጥቶ ሁለቱን አገሮች ሲያነጋግር ሰንብቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሜቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ የኖረ ሰው ለዓመታት ጣዕም የራቀው ምግብ በልቷል። ነገር ግን አገሪቱ ቅመም አታውቅም የሚለው ስሕተት ነው። ቅመሙ ነበረ፤ ቦታውን ግን ቀየረ። ከወጥ ድስት ወጥቶ ወደ ኬክና ወደ ጠርሙስ ገባ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ስድስት መቶ ዓመት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ቅመም የሚባለው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ቅመም የምለው በአብዛኛው ከሞቃት አገሮች የሚመጣውን፣ ደርቆ የሚቀመጠውን ፍሬ፣ እምቡጥ፣ ቅርፊትና ሥር ነው፦ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ፣ ዝንጅብል። እንደ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ናና ያሉት ቅጠሎች በብርድ አገርም ስለሚበቅሉ የብሪታንያ ወጥ ቤት ሁልጊዜም ሲጠቀምባቸው ኖሯል።

ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚያበላሸው ቅመምንና ማቃጠልን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የሚያቃጥለው በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት በአውሮፓ፣ በሕንድም ሆነ በኢትዮጵያ ማንም አያውቀውም ነበር። ስለዚህ አንድ ምግብ አላቃጠለም ማለት ቅመም የለውም ማለት አይደለም።

ድሮ ምን ይበሉ ነበር?

በ1390 ገደማ የንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ወጥ ቤቶች ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የምግብ አሠራሮችን በብራና አስፍረው ነበር። ጽሑፉ ዛሬም አለ። ያነበበ ሰው የሚያገኘው ምግብ ከፎቶግራፉ የቆርቆሮ ቦሎቄ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ዶሮውም፣ ዓሣውም፣ ጥንቸሉም በዝንጅብል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በገውዝና ሳፍሮን በተባለው የአበባ ቅመም ይሠራል። ሥጋ ከዘቢብና ከለውዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ወጡ በሆምጣጤና በስኳር ጣፋጭና ኮምጣጣ ይደረጋል። ለዛሬ ሰው ምላስ ከለንደን ይልቅ ለሞሮኮ ወይም ለፋርስ ማዕድ የሚቀርብ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገርም አለ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ከሚወዷቸው ቅመሞች አንዱ ጥምዝ ነበር። ሌላው ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ፣ አውሮፓውያን የገነት ፍሬ የሚሉት ቅመም ነው፤ ይህም የኛው ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ዛሬ ከአውሮፓ ወጥ ቤት ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ጥምዝ በኢትዮጵያ ገበያ አሁንም አለ።

ንግዱም የተደራጀ ነበር። የለንደን የቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎች ማኅበር ስሙ በ1180 መዝገብ ላይ ይገኛል። ቁንዶ በርበሬ እንደ ገንዘብ ሆኖ የመሬት ኪራይ ይከፈልበት ነበር። ሳፍሮንን እንግሊዞች ራሳቸው አብቅለዋል፤ በኤሴክስ ግዛት የምትገኘው ሳፍሮን ዎልደን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሰብል ነው።

በዚህ ዘመን ላይ የሚነገር አንድ ታዋቂ ተረት አለ፦ ቅመሙ የበዛው የበሰበሰ ሥጋ ለመሸፈን ነው ይባላል። ሒሳቡ አይሠራም። ቅመሙ ከሥጋው ይልቅ እጅግ ውድ ነበር፤ ቅርንፉድ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ትኩስ ሥጋ ለመግዛት አያንስም። የተበላሸ ሥጋ ሸጦ የተገኘ ነጋዴም በአደባባይ ይቀጣ ነበር። ቅመም የክብር ምልክት ነበር፤ በጊዜው የሕክምና እምነትም ሰውነትን የሚያሞቅና ምግብ የሚያስፈጭ መድኃኒት ነበር። ድሃው ገበሬ ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እሱ የሚበላው የእህል ገንፎ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ከጓሮው የቀጠፈው ቅጠልና ሰናፍጭ ነበር።

ታዲያ ለምን ተዉት?

ስለረከሰ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 በባሕር ሕንድ ከደረሰ በኋላ የቅመም መንገድ ተከፈተ። በታኅሣሥ 1600 የተመሠረተው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመጀመሪያ ጉዞውን ፈጽሞ በ1603 ሲመለስ፣ አራቱ መርከቦች ያመጡት ቁንዶ በርበሬ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ክብደት ይበልጥ ነበር፤ ይህም ከ4,500 ኩንታል በላይ ነው። ገበያው ይህን ሁሉ መዋጥ አልቻለም።

ባለጸጋው ከሌላው የሚለይበት ነገር በሁሉም እጅ ሲገባ ባለጸጋው ሌላ መለያ ይፈልጋል። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ የተነሣ አዲስ የወጥ ቤት ፋሽን መጣ፦ ሥጋ የሥጋ፣ ጎመን የጎመን ጣዕም ይኑረው፤ ቅቤው፣ መረቁና ቅጠሉ ያንን ያጉላው እንጂ አይሸፍነው። ስለ ሰውነት የነበረው የሕክምና ትምህርትም በዚያው ጊዜ ተለወጠ፤ ቅመም መድኃኒት መሆኑ ቀረ። ጣፋጩና ጨዋማው ተለያዩ፤ ስኳሩና ቀረፋው ወደ ማዕዱ መጨረሻ ተገፉ።

የእንግሊዝ መኳንንት ይህን ፋሽን ተከተሉ። የተከተሉት ግን እነርሱ ብቻ አይደሉም። ፋሽኑን የፈጠረችው ፈረንሳይ ራሷ እስከ ዛሬ ድረስ ከቁንዶ በርበሬና ከጥቂት ገውዝ በስተቀር በወጧ ውስጥ ብዙ ቅመም አትጨምርም። ያም ሆኖ የፈረንሳይን ምግብ ቅመም የለውም ብሎ የሚሳለቅ የለም። እንግዲህ የብሪታንያ ምግብ ስሙ የጠፋው በቅመም ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ዓለምን የገዙት ለቅመም ብለው አይደለም?

ቀልዱ በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅርንፉድና ገውዝ የሚበቅሉት ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር በጥቂት ደሴቶች ላይ ብቻ ነበር። እነዚያን ደሴቶች የያዙት ደቾች ናቸው። በ1623 በአምቦይና ደሴት የደች ሹማምንት የእንግሊዝን ኩባንያ ሰዎች አሥረው፣ አሠቃይተው ገደሉ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ከቅመም ደሴቶቹ ተገፉ። በ1667ቱ የብሬዳ ስምምነትም ሩን የተባለችው የገውዝ ደሴት በደቾች እጅ ቀረች፤ እንግሊዞች በምላሹ ከያዟቸው ቦታዎች አንዱ ማንሃታን ነበር።

ከደሴቶቹ ሲገፉ ፊታቸውን ይበልጥ ወደ ሕንድ አዞሩ። በ1757 በፕላሲ ጦርነት ቤንጋል የተባለውን የሕንድ ግዛት ሲቆጣጠሩ ዋናው ሀብት የጥጥ ጨርቅ፣ ሐርና የመሬት ግብር ነበር፤ ቀጥሎም ኦፒየምና ሻይ መጣ። ያመጡትን ቁንዶ በርበሬም በብዛት መልሰው ለሌላው አውሮፓ ይሸጡት ነበር። ለኩባንያው ቅመም የሚበላ ነገር ሳይሆን የሚሸጥ ዕቃ ነው። ይህን ማለት የቅኝ ግዛቱን ግፍ ማቅለል አይደለም፤ ግፉ ከቁንዶ በርበሬ እጅግ የሰፋ ነበር።

ቅመሙ ታዲያ የት ገባ?

አንደኛው ወደ ጣፋጩ ነው። በገና የሚበላው የፍራፍሬ ፑዲንግ በቀረፋ፣ በገውዝና በቅርንፉድ ይሠራል። በስቅለት ዕለት የሚበላው መስቀል የተሠመረበት ክብ ዳቦ ቅመም የበዛበት ነው። በዮርክሻየር የሚጋገረው ፓርኪን የተባለ የአጃና የዝንጅብል ኬክ፣ በግራስሚር መንደር ከ1854 ጀምሮ የሚሸጠው የዝንጅብል ዳቦ፣ በኮርንዎል የሚገኘው የሳፍሮን ዳቦ፣ ገውዝ የሚነሰነስበት የእንቁላልና የወተት ጣፋጭ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ። ከተጠበሰ ዶሮ ጋር የሚቀርበው፣ ቅርንፉድ በተሰካበት ሽንኩርት ወተት ውስጥ ተፈልቶ በዳቦ ፍርፋሪ የሚወፍረው መረቅ ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን ማዕድ የተረፈ ነው።

ሁለተኛው ወደ ጠርሙስና ወደ ማሰሮ ነው፤ እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈውም ይህንን ነው። በብሪታንያ ልማድ ምግቡ ለብቻው ይበስላል፤ ኃይለኛው ጣዕም በጎን ይቀርባል፤ ተመጋቢው በራሱ ልክ ይጨምራል። የበሬ ጥብስ ከሰናፍጭ ወይም ሆርስራዲሽ ከተባለ የሚያስነጥስ ሥር ጋር ነው የሚበላው፤ የበግ ሥጋ ከናናና ሆምጣጤ ጋር፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ከሆምጣጤ ጋር። ከ1837 ጀምሮ የሚሸጠው የዉስተር ጥቁር መረቅ ውስጥ ሆምጣጤ፣ የስኳር አተላ፣ የጨው ዓሣ፣ ሮቃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመማ ቅመም አለ። ፒካሊሊ የሚባለው በእርድና በሰናፍጭ የሚዘጋጅ የአትክልት አቻርም (በሆምጣጤ ተዘፍዝፎ የሚቀመጥ አትክልት) የሕንድን አቻር ለመምሰል ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው።

ይህን ሥርዓት ለመረዳት ቁርጥ ሥጋን ማሰብ ይበቃል። ሥጋው ራሱ ቅመም የለውም፤ አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ በጎን ነው። ሥጋውን ብቻ ቀምሶ የኢትዮጵያ ምግብ ጣዕም የለውም ብሎ የሚመሰክር ሰው ቢመጣ ማንም አይቀበለውም። ሰናፍጩን ሳይነካ የበሬ ጥብሱን ቀምሶ የሚፈርድም ያንኑ እያደረገ ነው።

በጎን የሚቀርብበት ምክንያት ልማድ ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪም ነው። የበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገር ሙቀት ይችላል፤ ሰዓታት በእሳት ላይ ቢቆይም ኃይሉን ብዙ አያጣም። ስለዚህ ከወጡ ጋር ይቁላላል። የሰናፍጭና የሆርስራዲሽ ኃይል ግን አስቀድሞ በዘሩና በሥሩ ውስጥ የተዘጋጀ አይደለም። ዘሩ ሲፈጭ፣ ሥሩ ሲፋቅ፣ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች በእርጥበት ይገናኙና አፍንጫን የሚወጋው ዘይት ያን ጊዜ ይፈጠራል። ሙቀት ካገኘው ይህን የሚያከናውነው ኢንዛይም ይሞታል፤ የተፈጠረውም ዘይት ተንኖ ይጠፋል። የሰናፍጭ ዱቄት በፈላ ውሃ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ የሚለወሰው፣ ምግብ ውስጥ ከመቀቀል ይልቅ በማዕድ ላይ የሚቀርበውም ለዚህ ነው። በብርድ አገር በቀላሉ የሚበቅሉት ኃይለኛ ተክሎች እነዚህ ስለሆኑ፣ ማዕዱም በእነርሱ ጠባይ ልክ ተሠራ።

መጥፎው ስም ከየት መጣ?

ከፋብሪካውና ከጦርነቱ። ብሪታንያ ከሌሎች አገሮች ቀድማ ገጠሯን ወደ ከተማ አፈለሰች። በ1851 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከእንግሊዝና ከዌልስ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በከተማ ይኖር ነበር። ለፋብሪካ ቀኑን ሙሉ የምትሠራ እናት ጓሮ የላትም፤ ብዙ ጊዜ ምድጃም የላትም፤ የማገዶው ዋጋም አያስቀርባትም። ከእናቷ የተማረችው የገጠር ምግብ አሠራር በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ ጠፋ። በቦታው ዳቦ፣ ሻይ፣ ማርማላታና የቆርቆሮ ምግብ ገባ። የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ገበሬ በመንደሩ ቆይቶ የአያቱን ወጥ ሲሠራ፣ የማንቸስተር ሠራተኛ ያንን አጥቷል። እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከምግቧ የሚበዛውን የምታስገባው በመርከብ ነበር፤ የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች መርከቦቹን ያሰጥሙ ጀመር። ጥር 8 ቀን 1940 ራሽን ተጀመረ። በአብዛኛው ጊዜ የአንድ ጎልማሳ የሳምንት ድርሻ ወደ 57 ግራም ቅቤ፣ ያንኑ ያህል የሻይ ቅጠል፣ ወደ 227 ግራም ስኳርና አንድ እንቁላል ነበር። መርከብ ላይ ያለችው ቦታ ለስንዴና ለጥይት እንጂ ለቀረፋ አትባክንም። ሽንኩርት እንኳ ጠፋ፤ ይመጣ የነበረው ከፈረንሳይዋ ብሪታኒና በእንግሊዝ ቻናል ካሉት ደሴቶች ስለነበረና ሁለቱም በጀርመን ስለተያዙ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት በመሥሪያ ቤት ለዕጣ ሽልማት እስከመቅረብ ደረሰ። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ቅመም ምን ዓይነት ወጥ እንደሚወጣ ሽንኩርት አቁላልቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል።

ጦርነቱ በ1945 ቢያልቅም ራሽኑ አላለቀም። በጦርነቱ ጊዜ ያልተነካው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆነ። ሥጋ ነጻ የወጣው ሐምሌ 4 ቀን 1954 ነው። በ1940 የተወለደ ልጅ ጉርምስና እስኪጀምር ድረስ ሌላ ምግብ አላየም። የወይራ ዘይት በፋርማሲ በትንሽ ጠርሙስ፣ ለጆሮ ሕክምና የሚሸጥ ነገር ነበር። ራሽኑ ለድሃው ቤተሰብ ከጦርነቱ በፊት ያላገኘውን የተመጣጠነ ምግብ አዳርሷል፤ ሕዝቡን ከረሃብ አድኗል። ጣዕምን ግን የአንድ ትውልድ ያህል ከማዕዱ አንሥቷል። ከ1942 ጀምሮ አገሪቱን ያጥለቀለቁት የአሜሪካ ወታደሮች የቀመሱት፣ ወደ አገራቸውም ሲመለሱ ያወሩት ይህንን ምግብ ነው። ዛሬ የምንሰማው ሐሜት ብዙው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው፤ በቦምብ ሥር የተራበ ሕዝብ ሰሐን የአገሩ ባህል ተብሎ መቆጠሩ ደግሞ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ዛሬስ?

የዛሬዋ ብሪታንያ ቅመም ትበላለች፤ ብዙም ትበላለች። የሕንድ ወጥ አሠራር በእንግሊዝኛ የምግብ መጽሐፍ ላይ የታተመው በ1747 ነው። በለንደን የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት በ1810 የከፈተው ሳኬ ዲን ማሆመድ የተባለ የቤንጋል ሠራዊት አገልጋይ ነበር፤ ቤቱ ግን አልዘለቀም። በ1926 የተከፈተው ቬራስዋሚ የተባለው የሕንድ ምግብ ቤት ግን ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩን የለወጡት ግን ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ካለው ከሲልሄት አውራጃ የመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በመርከብ ሠራተኝነት መጥተው የቀሩ፣ ወይም የእነርሱ ዘመዶች ነበሩ። ምግብ ቤቶቻቸው የሕንድ ይባሉ እንጂ ባለቤቶቹ በአብዛኛው ሲልሄቶች ናቸው። በበርሚንግሃም በ1970ዎቹ ባልቲ የተባለውን በብረት ድስት የሚቀርብ ወጥ የፈጠሩት ደግሞ ከፓኪስታንና ከካሽሚር የመጡ ወጥ ቤቶች ናቸው። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ዶሮ ቲካ ማሳላ የተባለው ቅመም የበዛበት የዶሮ ወጥ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው ብለው በይፋ ተናግረዋል።

ይህ ሲነሣ የሚመጣ መልስ አለ፦ ያ የስደተኞች ምግብ እንጂ የእንግሊዞች አይደለም። መልሱ የታሪክ ቁስል አለበት። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከደቡብ እስያና ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች በወጣቸው ሽታ ተሰድበዋል፤ ቤት የሚያከራያቸው አጥተዋል፤ ልጆቻቸው የምሳ ዕቃቸውን ለመክፈት አፍረዋል። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ ስለ ቅመም አልባው ምግብ ሲቀልዱ የሚመልሱት ያንን ነው፤ እኔም እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን ዶሮ ቲካ ማሳላን የብሪታንያ አይደለም ማለት፣ በግላስጎውና በብራድፎርድ ተወልደው ምግቡን የሚያበስሉትን ሰዎች ራሳቸውን ብሪታንያውያን አይደላችሁም ከማለት ብዙም አይርቅም። ሲሰድቧቸው የነበሩትም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

አሁን ጥያቄው ይህ ምግብ ይቀጥላል ወይ የሚል ሆኗል። በየከተማው ያሉት እነዚህ ምግብ ቤቶች እየተዘጉ ነው። የጋዝና የዘይት ዋጋ ንሯል፤ ከውጭ ወጥ ቤት ማስመጣት በቪዛ ደንብ ምክንያት ለትንሽ ቤት ከባድ ሆኗል፤ ሌሊት ድረስ ምድጃ ፊት ቆመው ያሳደጉ አባቶችም ልጆቻቸው ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ እንጂ ድስቱን እንዲረከቡ አልፈለጉም።